ቁጥር የሌለው ማልያ

በእናቴ ቤተሰብ ውስጥ ለብዙ ዓመት ማንም ሳይጠራጠረው የኖረ አንድ ወሬ አለ፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም አሜሪካ ሄዶ ኳስ ተጫዋች ሆኗል የሚል። ማስረጃው አንድ ማልያ ነው። በ1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው እጅ ጋምቤላ ደረሰ። አብሮት አንድ ፎቶግራፍና ለአያቴ የተላከ መቶ ዶላር ነበር። ዶላሩ በሳምንቱ ተመንዝሮ አለቀ፣ ፎቶግራፉን ምስጥ በላው፣ ማልያው ግን ይኸው ዛሬም አለ።

እኛ የምናውቀው ማልያ እጅጌው አጭር፣ ጨርቁ ስስ፣ ላብ ሲነካው ጀርባ ላይ የሚለጠፍ ነው። ይህኛው ሌላ ነው። ጨርቁ ወፍራም፣ እጅጌው ጣትን አልፎ የሚንጠለጠል፣ ክርኑ ላይ ድርብ ጨርቅ የተሰፋበት፣ ስፋቱም ሁለት ጎረምሳ የሚያስገባ። ጀርባው ላይ ቁጥርም ስምም የለም። በውስጥ በኩል ወገቡ ጋ አንድ ጠንካራ ማሰሪያ ተሰፍቶበታል፤ ጫፉ ላይ ጠቅ ብሎ የሚዘጋ ቁልፍ አለው። ደረቱ ላይ የነበረው ሥዕል ከእጥበት ብዛት ተሰነጣጥቆ ግማሹ ተልጧል። የቀረው የአንድ አውሬ ፊት ነው። አፍንጫው ትልቅ፣ ከንፈሩ የተንጠለጠለ፣ ቀንዱ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ሰፊ፣ ዳር ዳሩ ላይ ጣት ጣት ያወጣ።

መጋቢት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚነካ ከተማ ውስጥ ይህን ለብሶ ኳስ የሚጫወት ሰው ማሰብ ይከብዳል። ግምት ግን አልጠፋም። ጎረቤታችን የነበረ ዓሣ አጥማጅ ማሰሪያውን አገላብጦ አይቶ «ይሄ የቢላዋ ማንጠልጠያ ነው» አለ። ልብስ ሰፊው «የፋብሪካ ስህተት ነው፤ የሌላ ልብስ ገመድ ነው የተሰፋበት» ብሎ ሊቆርጠው መቀስ ሲያነሣ አያቴ ናት የከለከለችው። አውሬውን በተመለከተ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ አሜሪካኖች ቀንድ ያበቀሉለት ጉማሬ ነው አለ፤ ግማሹ ደግሞ በግልጽ ሰይጣን ነው አለ። አያቴ በክርክሩ አልገባችም። ወፍራሙን እጅጌ እየዳሰሰች «ልጄ ብርድ አገር ነው ያለው» ብቻ ትል ነበር።

በመጨረሻ ማልያው ሜዳ ገባ። ባሮ ወንዝ ዳር፣ ከማንጎ ዛፎቹ ወዲህ ባለው አሸዋማ ሜዳ ላይ የሰፈራችን በረኛ እሱን ለብሶ ይቆም ነበር። አሸዋው ላይ ሲወድቅ የክርኑ ድርብ ጨርቅ ቆዳው እንዳይላጥ ያደርግለታል። ማሰሪያውን ደግሞ ሲዘል ልብሱ ወደ ላይ እንዳይሰበሰብበት ከቁምጣው ገመድ ጋር ያያይዘዋል። ከዓሣ አጥማጁም ከልብስ ሰፊውም ይልቅ ለእውነቱ የቀረበው እሱ ነበር፤ ይህን ግን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

አጎቴ ከጋምቤላ የወጣው በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ነው። ያኔ ኢታንግና ፒኙዶ የነበሩት ግዙፍ የስደተኞች መጠለያዎች በአጭር ጊዜ ባዶ ቀሩ። የደቡብ ሱዳኑ ስደተኛ ወደ መጣበት ሲመለስ ከአገሬው ወጣትም አብሮት ድንበር የተሻገረ ነበር። አጎቴ በፖቻላ በኩል አድርጎ ኬንያ ገባ፤ በ1986 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ደረሰ። ዛሬ ሚኒሶታ የእናቴ ወገን የሆነው አኙዋ በብዛት ከሚኖርባቸው የውጭ አገር ቦታዎች ዋነኛው ነው። አጎቴ በገባበት ዘመን ግን ቤተሰብ ሁሉ በስም የሚተዋወቅ ጥቂት ሰው ነበር።

ማልያውን ከላከ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እንደገና የደወለው በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወር ጋምቤላ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኙዋዎች ተገድለው፣ ውጭ ያለ ዘመድ ሁሉ ማን እንደ ተረፈ ለማወቅ ስልክ ላይ ተጥዶ ሰንብቷል። እናቴ እንደምትለው አጎቴ አንድ በአንድ ስም እየጠራ «አለ? አለች?» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። በእንዲህ ያለ ስልክ ላይ ስለ ማልያ የሚጠይቅ የለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው አረፈ።

አያቴም ስትሞት ዕቃዋ ለልጅ ልጆቿ ተከፋፈለና «የተጫዋቹ ልብስ» ለእኔ ደረሰኝ። እናቴ «አንተ ወረቀት ላይ የምትውል ሰው ነህ፤ ምን እንደ ሆነ ፈልገህ ንገረን» አለችኝ። እኔም ከአውሬው ጀመርኩ።

ስለ አውሬ ለመጠየቅ ጋምቤላ መጥፎ ቦታ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የተከለለው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ከደቡብ ሱዳን ቦማ ድረስ እየተመላለሰ በመንጋ የሚፈልሰው የነጭ ጆሮ ቆርኬ መተላለፊያ ነው፤ በረግረጉ ደግሞ የናይል ሌችዌ አለ። ከፓርኩ ጋር ለዓመታት የሠራ ባለሙያ ማልያውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አየና ወዲያው ነገሩን ከአፍሪካ አወጣው። የእኛዎቹ ቀንድ ቅርንጫፍ አያበቅልም፤ አንዴ ከበቀለም ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። ይህ ሰፊ ቀንድ ግን በየዓመቱ ክረምታቸው ላይ ወልቆ ወድቆ በጸደይ እንደገና የሚበቅል ነው። ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥል የዚህ ዘር አውሬ በአፍሪካ ከሰሐራ በታች በተፈጥሮው አይገኝም፤ ከሰሐራ በላይ አልጄሪያና ቱኒዝያ ውስጥ አንድ ዓይነት አለ። ማልያው ላይ ያለው የዘሩ ትልቁ ነው፤ ሙስ ይባላል። ወንዱ ከ500 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ትከሻው ላይ ሁለት ሜትር ይደርሳል፣ ክብደቱን ሳይፈራ ሐይቅ ውስጥ እየጠለቀ የውኃ ሣር ይግጣል። የጉማሬው ወገን ይህን ቢሰማ ጥቂት ሳይኮራ አይቀርም።

የሙስ አገር ሰሜኑ ነው፤ ሰሜን ሚኒሶታም ከአገሩ አንዱ ነው። ስለዚህ አውሬው አጎቴ ከኖረበት ቦታ ጋር ገጠመ። ማሰሪያውስ?

የማሰሪያውን ምስጢር የፈታልኝ ሚኒሶታ ተወልዶ ያደገ፣ ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ጋምቤላ የመጣ የአኙዋ ልጅ ነው። ባሮ ዳር ሻይ እየጠጣን ማልያውን ከፌስታል አውጥቼ ሰጠሁት። ገለበጠ፣ ማሰሪያውን አየ፣ ሳቀ። «ይሄ እኮ ለጠብ ነው!» አለኝ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ማልያው በበረዶ ላይ የሚደረገው የአይስ ሆኪ ጨዋታ ነው። በሰሜን አሜሪካ ፕሮፌሽናል ሆኪ ሁለት ተጫዋቾች ጓንታቸውን ጥለው በቡጢ ሲገጥሙ ዳኛው ወዲያው አይገባም፤ ሁለቱም በየወንበራቸው አምስት አምስት ደቂቃ ተቀጥተው ይቀመጣሉ፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ተደባዳቢ የመጀመሪያው ሥራው የባላጋራውን ማልያ ከኋላ ስቦ ጭንቅላቱ ላይ መገልበጥ ነው፤ የተገለበጠበት ሰው ዓይኑም እጁም ይታሰራል። ማሰሪያው ማልያውን ከሱሪው ጋር የሚይዘው ይህን ለመከላከል ነው። ተቃራኒውን ዘዴ የፈለሰፈም ነበር። የበፋሎው ተጫዋች ሮብ ሬይ ማልያውን ራሱ አውልቆ ጥሎ፣ ባላጋራው የሚይዘው አጥቶ እጁ አየር ላይ ሲንከራተት ይመታው ስለነበር፣ የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ ማሰሪያውን ያላሰረ ተደባዳቢ ከሜዳ እንዲባረር ደንብ አወጣ። ባሮ ዳር የቆመው በረኛችን ከቁምጣው ገመድ ጋር ያያይዘው የነበረው ማሰሪያ ከዚህ ዓለም የመጣ ነው።

ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። በየወገኑ አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ፣ ሁሉም ከሥሩ ስል ብረት የተገጠመለት ጫማ አድርገው፣ 61 ሜትር በ26 ሜትር በሆነ የበረዶ ወለል ላይ ከ170 ግራም የማይበልጥ ጠፍጣፋ ጎማ በዱላ ያሳድዳሉ። ጎማዋ እንዳትነጥር ከጨዋታ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ታድራለች። ጨዋታው ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ነው። ተመልካቹ ጃኬት ለብሶ ይቀመጣል፤ ተጫዋቹ ግን እንደ እኛ ያልበዋል።

እንግዲህ የቀረኝ ቡድኑን ማወቅ ነበር። ሚኒሶታ ውስጥ ዛሬ የሚታወቀው ቡድን ዋይልድ ነው፤ ደረቱ ላይ አውሬ አለበት። ግን ዋይልድ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ማልያው በዚያን ጊዜ ጋምቤላ ከገባ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከዋይልድ በፊት የነበረው ኖርዝ ስታርስ ነው። እሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ሚኒሶታ ኖሮ በ1993 ባለቤቱ ወደ ዳላስ ይዞት ሄደ፤ አጎቴ በዚያን ጊዜ ገና ኬንያ ነው። በ1993 እና በ2000 መካከል ያለውን ክፍተት ስፈትሽ ሁለት የውድድር ዘመን ብቻ የኖረ አንድ ቡድን ተገኘ፤ ሚኒሶታ ሙስ።

ሙስ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ በትልቁ ሊግ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ኢንተርናሽናል ሆኪ ሊግ ውስጥ። ሜዳው ሴንት ፖል ከተማ የነበረው ሲቪክ ሴንተር ነበር። ይህ አዳራሽ በ1973 ሲከፈት ጀምሮ የሚታወቅበት ነገር ነበረው፤ በሌላው ቦታ ነጭ የሆነው የሜዳው አጥር እዚያ እስከ ወለሉ ድረስ የሚያሳይ ግልጽ ፕላስቲክ ነበር። የቡድኑም ጅማሬ ዕድል ቀንቶት ነበር ማለት ይቻላል። በተቋቋመበት ዓመት ጥቅምት የትልቁ ሊግ ባለሀብቶችና ተጫዋቾች በገንዘብ ተጣልተው ውድድሩ እስከ ጥር 1995 ድረስ ተዘጋ። ሆኪ የናፈቀው ሕዝብ ባለው አማራጭ ተጽናና።

በዚህ ትንሽ ቡድን ውስጥ የነበሩትን ሰዎች ታሪክ ሳነብ ብዙ ቆየሁ። አንዱ ዴቭ ክርስቲያን ነው። ከካናዳ ድንበር አጠገብ ካለች ዋሮድ የምትባል ትንሽ ከተማ የወጣ፣ አባቱና አጎቱ በ1960 የክረምት ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኙ፣ ራሱም በ1980 ሌክ ፕላሲድ ላይ የሶቪየት ኅብረትን ቡድን 4 ለ 3 አሸንፎ ወርቅ ከወሰደው የአሜሪካ የተማሪዎች ቡድን ውስጥ የነበረ። በዚያው ዓመት በጋ ምሩፅ ይፍጠር አሜሪካኖች ባልመጡበት የሞስኮ ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ ሲወስድ፣ እኛ ቤት ስለ ሌላው ኦሊምፒክ የሰማ አልነበረም። ክርስቲያን በትልቁ ሊግ ብዙ ዓመት ከተጫወተ በኋላ ጫማውን የሰቀለው በሙስ ማልያ ነው።

ሁለተኛው ስቴፋን ሞሪን ነው፤ የሞንትሪያል ልጅ። በትልቁ ሊግ ውስጥ ኩቤክና ቫንኩቨር ሞክረውት ቦታ አላጸናም። በሙስ የመጀመሪያ ዓመት ግን 33 ጎል አግብቶ 81 ጎል አመቻችቶ በ114 ነጥብ የሊጉ አንደኛ ሆነ። ቁጥሩን ልብ ይበሉ፤ ካገባው ያቀበለው ይበልጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ጀርመን ሄደ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 1998 ለበርሊን ሲጫወት ኦበርሃውዘን ላይ በጨዋታው መሀል ልቡ ቆመ። ዕድሜው 29 ነበር። በዚያ ዘመን የእኛ በረኛ አሸዋ ላይ እየወደቀ የለበሰውን ልብስ ዓይነት፣ ልምምድ ላይ ሞሪንም ለብሶት ነበር ብዬ ሳስብ ማልያውን አጥፌ ለማስቀመጥ እጄ ይያዛል።

ልምምድ ያልሁት በምክንያት ነው። ቁጥርና ስም የሌለው ማልያ የልምምድ ማልያ ነው። ያንን ያረጋገጡልኝ ከአጎቴ ጋር ይሠሩ የነበሩ፣ አሁን ደቡብ ሚኒሶታ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ስልካቸውን የሰጠኝ ያ ሻይ የጠጣሁት ልጅ ነው። ራሴን በእናቴ ስም አስተዋውቄ «ጋሼ፣ አጎቴ ለሙስ ተጫውቶ ያውቃል?» አልኳቸው።

ረጅም ሳቅ ሳቁ። «ማን? እሱ? በረዶ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ቢያውቅ ኖሮ ክንዱ ባልተሰበረ!»

ሁለቱም የሲቪክ ሴንተር የሌሊት ሠራተኞች ነበሩ። የአዳራሽ በረዶ እንደ ሐይቅ በረዶ ጥልቅ አይደለም። ከሲሚንቶው ሥር ብርድ የሚያስተላልፉ ቧንቧዎች ተዘርግተው፣ በላዩ ላይ ውኃ በስሱ እየተረጨ ደጋግሞ ሲረጋ የሚሠራ፣ ውፍረቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ነገር ነው። ነገ ኮንሰርት ወይም ስብሰባ ካለ በረዶውን ማቅለጥ ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ በላዩ ላይ ወለል ይነጠፋል። ጨዋታው አልቆ ሰዉ ሲወጣ እነ አጎቴ ከወንበር ሥር ያለውን ፈንድሻና ብርጭቆ ጠርገው፣ ቀጥሎ ጣውላውን እያመጡ ከበረዶው ዳር ጀምረው ይደረድራሉ። ሲነጋ በረዶው የለም፤ ወንበር የተደረደረበት አዳራሽ ብቻ ነው። ከዝግጅቱ በኋላ ደግሞ ያንኑ መልሶ ማንሣት ነው።

«እርጥብ ጣውላ ከበረዶው ጋር ይጣበቃል። በአካፋ ነው የምታላቅቀው። አጎትህ ሲስብ ተላቀቀና እሱ በጀርባው ሄደ» አሉኝ። ክንዱ የተሰበረው ያኔ ነው።

ምስጥ የበላው ፎቶግራፍም በዚሁ ተፈታ። እናቴ የምታስታውሰው ወንድሟ ዳር ድንበር የሌለው ነጭ መሬት ላይ ቆሞ ሲስቅ ነው። ቤተሰቡ ጨው ሜዳ ይሆናል ብሎ ነበር። ጣውላ ከመንጠፉ በፊት ከበረዶው መሀል ቆሞ የተነሣው ነው። ማልያውን የሰጠው የተጫዋቾቹን ልብስ ከሚያጥቡት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ቡድኑ ሊሄድ ዕቃ ሲታሰር። አዛውንቱ «ካለው ልብስ ሁሉ ወፍራሙ እሱ ነበር፤ ለእናቴ እልካለሁ አለ። የጋምቤላን ሙቀት እንዴት እንደ ረሳው እንጃ» ብለው እንደገና ሳቁ።

ቡድኑ ለምን ሄደ የሚለውን ለመረዳት ግን የእነሱን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ደካማ ቡድን ይወርዳል፣ ጠንካራ ይወጣል። እዚያ መውጣትና መውረድ የለም። ቡድን የባለቤቱ ንብረት ነው፤ ገበያ ካጣ ስሙን፣ ኮንትራቱንና ዱላውን ጭኖ ሌላ ከተማ ይገባል። ከሙስ ጋር በአንድ ዓመት የተፈጠረው የዴንቨር ቡድን ግሪዝሊስ በመጀመሪያ ዓመቱ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ፤ በዚያው በጋ አንድ የትልቁ ሊግ ቡድን ከኩቤክ ወደ ዴንቨር ሲመጣበት ዋንጫውን ይዞ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ተሰደደ። ማሸነፍ አላዳነውም። የሙስ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ አዙሪት አለው። በ1995 የካናዳዋ ዊኒፔግ ትልቅ ቡድን፣ ጄትስ፣ ወደ ሚኒሶታ ይዛወራል ተብሎ ነበር። ቢሳካ ሙስ ያለ ቦታ ይቀር ነበር። አልተሳካም፤ ጄትስ በ1996 ወደ ፊኒክስ በረሃ ሄደ። ባዶ በቀረው ዊኒፔግ ውስጥ ማን ገባ? ሙስ ራሱ። ስሙን ማኒቶባ ሙስ ብሎ ከሚኒሶታ ወጣ። ሊጉ በ2001 ፈረሰ፤ ቡድኑ ግን ወደ ሌላ ሊግ ተሻግሮ፣ አንድ ጊዜም ወደ አትላንቲክ ዳርቻ ተሰዶ በ2015 ተመልሶ ዛሬም ዊኒፔግ አለ። ሲቪክ ሴንተር በ1998 ፈርሶ በቦታው የዋይልድ አዳራሽ ተሠራ። ያኔ አጎቴ ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ወርዶ ሥጋ ፋብሪካ ገባ።

ቀኑን ሳሰላው፣ አያቴ ጥቅሉን ስትፈታ ሚኒሶታ ሙስ የሚባል ቡድን በምድር ላይ አልነበረም። ሰፈራችን ለዓመታት የተከራከረው ስለ ሟች ነበር።

የእኛም ቡድኖች ቢሆኑ ባለቤታቸው ሲደክም አብረው ይጠፋሉ። ትራንስ ኢትዮጵያ፣ ጉና ንግድ፣ ሙገር ሲሚንቶ የሚሉት ስሞች አንድ ዘመን በየሳምንቱ በሬዲዮ ይጠሩ ነበር። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንሥቶ በ2011 ዓ.ም. ግርጌ ላይ ጨረሰ። ጋምቤላ ደግሞ ራሷ ባለቤት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ከኳስ በፊት የምታውቅ ከተማ ናት። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል ባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ ሰጡ፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ የሚቆይ። ወንዙ በሞላ ጊዜ ከካርቱም በእንፋሎት መርከብ ጨውና ጨርቅ ይመጣ፣ የአባቴ አገር የጎሬ ቡና ይሄድ ነበር። ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ ውሉ አበቃ፤ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፣ የመርከቡም ንግድ እየቀዘቀዘ ቆመ። ልዩነቱ ወደብን ማንም ዊኒፔግ አይወስደውም።

እናቴ ያገኘሁትን ሁሉ ከነገርኋት በኋላ ጥቂት ዝም ብላ «ተጫዋች ካልሆነም ማልያው የተጫዋች ነው» አለች። ለእሷ ነገሩ በዚህ ተዘጋ። የእኔ አልተዘጋም፤ ምክንያቱ ሌላ ነው።

ሚኒሶታ ውስጥ ሁለት ዓመት ብቻ የኖረ፣ ትልቁን ሊግ ያልረገጠ፣ ከተማው ራሱ የረሳው ቡድን ነው። ሆኖም ተጫዋቾቹን በስም፣ እያንዳንዱ ያገባውንና ያቀበለውን፣ ቅጣት ላይ የተቀመጠበትን ደቂቃ ሳይቀር ጋምቤላ ሆኜ ማግኘት ቻልኩ። በዚያው ዘመን፣ በ1987 እና በ1988 ዓ.ም.፣ ባሮ ዳር በየሳምንቱ ይደረግ የነበረውን የየሰፈሩን ግጥሚያ ብፈልግ ግን አንድ ወረቀት አላገኘሁም። ከዚህ ከተማ ኡመድ ኡክሪ ወጥቶ በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከዋልያዎቹ ጋር ተሰለፈ፤ ግብፅም ሄዶ ተጫወተ። ጋቶች ፓኖም በ2017 ለሩሲያው አንዢ ፈረመ። አዲስ አበባ ከደረሱ በኋላ ያለው ታሪካቸው ተጽፏል። እነሱ ሳይወለዱና ልጅ ሳሉ ያንን ሜዳ ያሞቁት ሰዎች ግን የቡድናቸው ስም እንኳ የሚገኘው ጥቂት ሽማግሌዎች አፍ ላይ ነው፤ እነሱም በዓመተ ምሕረቱ አይስማሙም። ይህ ድህነት ብቻ ያመጣው አይመስለኝም። ደብተርና እስክሪብቶ ያኔም ሱቅ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ጋምቤላ፣ ኢታንግ፣ አቦቦ ወይም ፒኙዶ ሜዳ ላይ የተጫወታችሁ፣ ያሠለጠናችሁ፣ በዳኝነት ያፏጫችሁ ሁሉ፣ ፎቶግራፍ ካላችሁ ከጀርባው የሰዎቹን ስምና ዓመቱን ጻፉበት፤ ቅጂውን ለክልሉ ስፖርትና ባህል ቢሮዎች ስጡ። ውጭ አገር ያላችሁም እንዲሁ። እኔ በበኩሌ በማንጎዎቹ ሥር ያ ወፍራም ማልያ ለብሶ የተነሣውን በረኛችንን ፎቶግራፍ እፈልጋለሁ፤ ያለው ሰው ቢልክልኝ ከእነ ስሙና ከእነ ዓመቱ አብሬ አስረክበዋለሁ።